ገደሉን ተዪው፣ ፍሬኑን ጠይቂ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ፤ ግን ሜዳ ላይ ብቻ። እህቴ ፔሩ፣ ሊማ ትሠራለች። ሐምሌ ላይ ልጠይቃት እሄዳለሁ። ከዚያ አብረን ወደ ቦሊቪያ እንሻገራለን። ጓደኞቿ ‹የሞት መንገድ› በሚባለው ቁልቁለት አስጎብኚ የሚመራው የብስክሌት ጉዞ ሊይዙ ነው። እኔንም ቆጥረውኛል። ቪዲዮውን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ስትሰማ ከድሬ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አስባ ‹ደንገጎ አነሰሽ?› አለችኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? ከሄድኩስ በቀሩኝ ሦስት ወራት ምን ልለማመድ? አስጎብኚው ደህና መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። እናትሽ ትልቅ ነገር ተናግረዋል። «ደንገጎ አነሰሽ?» ያሉትን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ከጠየቅሽኝ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

አጭሩ መልስ፦ ሂጂ። ግን ሁለት ነገር ይዘሽ ሂጂ። አንደኛው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን መያዝ የሚችሉ እጆች። ሁለተኛው፣ መሀል መንገድ ላይ «እኔ መኪና ውስጥ እገባለሁ» ማለት የሚችል አፍ። ሁለቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተገኙ፣ ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ፎቶ አንሺ። በሀፍረት የሞተ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ድሬ ውስጥ ብስክሌት ስጠግንና እንግዳ ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የቦሊቪያውንም መንገድ አንድ ጊዜ ወርጄዋለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከቪዲዮ የቀዳሁትን አይደለም።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ከላ ፓዝ ከተማ ተነስቶ ዩንጋስ ወደሚባለው ደን ይወርዳል። ኮሮይኮ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ያደርስሻል። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ቦሊቪያና ፓራጓይ በቻኮ በረሃ ሲዋጉ የተማረኩ የፓራጓይ ወታደሮች ናቸው ተራራውን የቆረጡት። ስፋቱ ብዙ ቦታ ላይ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ለሌላ የሚተርፍ ነገር የለም። ጠርዙ ላይ መከላከያ ብረት አትጠብቂ። ገደሉ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሰው የሞላ አውቶቡስ ወድቆ ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ «የዓለማችን አደገኛው መንገድ» አለው። ስሙም በዚያው ጸና። በየዓመቱ ከ200 እስከ 300 ሰው ይሞትበታል ይባል የነበረው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ያ ሁሉ ሰው የሞተው በመኪና ነው። አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ጭቃ፣ ጉም፣ የደከመው ሹፌር። እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ አዲስ አስፋልት በሌላ በኩል ተከፈተና መኪናው ወደዚያ ሄደ። አሮጌው መንገድ ለብስክሌተኛ ቀረ። ዛሬ እዚያ ላይ የምታገኚው ጥቂት የአካባቢው መኪና፣ የአስጎብኚ ሚኒባስና ብዙ ብስክሌት ነው። አደጋ ጠፋ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ብቻ ከ18 የማያንሱ ብስክሌተኞች ሞተውበታል። ግን አሟሟታቸው ሌላ ነው። ከነሱ ብዙዎቹን የገፋቸው መኪና አልነበረም። ፍጥነት ነው፤ ፍሬን ነው፤ ፎቶ ነው፤ ከብስክሌት በተሳሳተ ጎን መውረድ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ከድሬ እስከ ደንገጎ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 በላይ ነው። በዚያች አጭር ርቀት ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። መታጠፊያውን ታውቂዋለሽ፤ ለሐረር ሰርግ ስንሄድ ስንቱ ልጅ በመስኮት አስታውኮበታል! ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሐሮማያና በአወዳይ ወደ ሐረር፣ ሌላው በቁልቢ ወደ አዲስ አበባ። ስለዚህ የሁለቱም መኪና ተሰብስቦ በዚያች ቁልቁለት ነው ወደ ድሬ የሚወርደው። ጭነቱ፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ። ጫት የጫነው ፒክአፕ ደግሞ አለ። ጫት እንደሆነ ይጠወልጋል፤ ሹፌሩ ጊዜ የለውም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣውን ሰልፍ ጨምሪበት።

እና እቅጩን ልንገርሽ። ብስክሌት ላይ ሆኜ የቦሊቪያው ገደል ካስፈራኝ ይልቅ የደንገጎ መኪና ያስፈራኛል። ገደል ባለበት ይቀመጣል። መኪና ግን ይመጣብሻል። እናትሽ ደንገጎን የጠሩት ለዚህ ባይሆንም፣ ልክ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ይገርመኛል። የሞት መንገድ የሚያልቅባት ዮሎሳ የምትባል መንደር ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ነው። ድሬ ማለት ነው! ሙቀቱም፣ ሙዙም፣ አቧራውም አገሬን አስታወሰኝ። «አቦ» የሚለኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት። የሚጀምረው ግን ላ ኩምብሬ በሚባል በር፣ 4,650 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከራስ ዳሸን ጫፍ ይበልጣል። ከዚያ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ትወርጃለሽ። ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት ቆላ።

ይህ ከፍታ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ላንቺ። ሊማ ከውቅያኖስ ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ በአውሮፕላን ተነስተሽ የላ ፓዝ አየር ማረፊያ ስታርፊ ከ4,000 ሜትር በላይ ነሽ። በሁለት ሰዓት ውስጥ! ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ለብስክሌተኛ ክፉው ግን ራስ ምታቱ አይደለም። ሐሳብሽ ይዘገያል። ጠጠሩን ታይዋለሽ፣ እጅሽ ዘግይቶ ይታዘዛል። ላ ኩምብሬ ላይ የምታገኚው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ጓደኞቿን ንገሪያቸው፦ ላ ፓዝ በደረሳችሁ ማግስት ብስክሌት የለም። ቢያንስ ሦስት ሌሊት እደሩ። ውሃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ አልኮል ይቅር። የከፍታ ሕመም መድኃኒት መውሰድ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪም ከዚሁ ጠይቂ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽንም አትርሺ።

ሆቴል ስትገቢ የኮካ ቅጠል ሻይ ያቀርቡልሻል። እዚያ ሕጋዊ ነው፤ ገበያ ላይ በከረጢት ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ ጉንጫቸውን ሞልተው ሲቀመጡ ስታዪ ጫት የሚቃምበት የድሬው መጋላ ያለሽ ይመስልሻል። ሻዩን ጠጪ። ቅጠሉን ግን ሻንጣሽ ውስጥ ከተሽ ከአገር እንዳትወጪ፤ ሌላ አገር ሄዶ ወንጀል ይሆንብሻል። ጫትን በተመለከተ ደግሞ አንቺን ባላውቅም ለሌሎች አንባቢዎች ልበል፦ በምርቃና ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ይዤ አላውቅም፣ አልይዝምም። ምርቃና ፍርሃትን ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍርሃት ከፍሬን ቀጥሎ የሚያስፈልግሽ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፍሬን።

ሰው ፍሬን ማለት ማቆሚያ ይመስለዋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ማለት ምድጃ ነው። ከፍታ ስትወርጂ የምታጠራቅሚው ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ፍጥነት ካልሆነ ሙቀት ይሆናል። አንቺና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ትሆናላችሁ እንበል። ከላ ኩምብሬ እስከ ዮሎሳ የምትለቁት ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን ስምንት ሊትር ውሃ ያፈላል። ከደንገጎ ድሬ ደግሞ ሁለት ሊትር ገደማ። ከዚያ ላይ ነፋስና ጎማ የሚወስዱት አለ። የቀረው ግን ጥቂት ቀጫጭን የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው የሚያርፈው። ጀበና ጥደሽ ዳገት ወርደሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ አስቢው።

ስለዚህ ፍሬንን ሙሉውን መንገድ ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው፣ ከሁሉ የከፋው ነው። ሸራው ዕረፍት አያገኝም። ይግላል፣ ገጹ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ብትጨምቂውም አይይዝም። ትክክለኛው አያያዝ እንዲህ ነው። ቀጥ ባለው ላይ ልቀቂው፣ ይቀዝቅዝ። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገሽ ያዢና ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ቀንሺ። መታጠፊያው ውስጥ ስትገቢ መቀነሱ አልቆ መሆን አለበት። ጠጠር ላይ እየታጠፍሽ የፊት ፍሬን ከጨመቅሽ ጎማው ይንሸራተታል፣ አንቺም ትከተይዋለሽ።

የፊት ፍሬንን ግን አትፍሪው። ድሬ ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ «የፊቱን ከነካሽ ትገለበጫለሽ» ተብሎ ነው ያደገው። እኔም እንደዚያ ነው ያደግኩት። እውነቱ ግን ብዙውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የሚገለብጥሽ ድንገት መንጨቅሽ ነው። ወገብሽን ወደ ኋላ ገፋ አድርገሽ፣ ክንድሽን አጠፍ አድርገሽ፣ በአንድ ወይ በሁለት ጣት ቀስ በቀስ ጭመቂ። የቀሩት ጣቶች መሪውን ይይዛሉ። አራቱንም ጣት ፍሬን ላይ ያደረገ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንዱ ይደነዝዛል።

የራሴን ልንገርሽ፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ወጣት ሳለሁ ከደንገጎ ብቻዬን ወረድኩ። ብስክሌቴ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ አሮጌ ፍሬን ነበረው። ከኋላዬ የጭነት መኪና ስለነበር ፈርቼ ፍሬኑን ሳልለቅ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው እንደ ተኩስ ጮኸ። ቸርኬው ከመጋሉ የተነሳ ከመነዳሪው ፈንድቷል። የወደቅኩት ወደ ተራራው በኩል ስለነበር ነው ዛሬ ይህን የምጽፈው። ወተት የተሸከሙ አንዲት እናት መጡና ክርኔን ዓይተው፣ ቸርኬውን በጣታቸው ነክተው፣ ቶሎ እጃቸውን ሰበሰቡ። በኦሮምኛ የተናገሩት ሲተረጎም «ይህ ብረት እንጀራ ይጋግራል» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍሬንን ትምህርት የማስተምረው በእሳቸው አባባል ነው።

ቦሊቪያ ውስጥ የሚሰጡሽ ብስክሌት ዲስክ ፍሬን፣ ማለትም ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሀል ያለውን ክብ ብረት የሚይዝ ፍሬን፣ ሊኖረው ይገባል። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በካቦ ከሚሠራው ይልቅ ጣት አያደክምም። ግን እሱም ይግላል። መንገድ ላይ እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰብሽ፣ ወይም ከበፊቱ ይልቅ ወደ መሪው ከተጠጋ፣ ቁሚ። ለአስጎብኚው አሳዪ። «ትንሽ ይቀዝቅዝ» ማለት ጉብዝና ነው። ዲስኩን ግን በጣትሽ እንዳትነኪው፤ ቆዳሽን ይዞ ይቀራል።

አሁን ልምምድ። ሦስት ወር በቂ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጠዋት ካገኘሽ።

መጀመሪያ ሜዳ። ሳቢያን ውስጥ እሁድ ጠዋት ጭር ያለ አስፋልት አይጠፋም። በጠመኔ መስመር አስምሪ። ሮጥ ብለሽ መጥተሽ ከመስመሩ ሳታልፊ ቁሚ። የፊቱን ብቻ፣ የኋላውን ብቻ፣ ሁለቱን አንድ ላይ። መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የደነገጠ እጅ የሚያስታውሰው የደጋገመውን ብቻ ነው።

ከዚያ አሸዋ። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ወለሉ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የፊት ጎማ አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ብስክሌት እንዴት እንደሚያምፅ ወድቀሽ ብትማሪ እንኳ አሸዋ ላይ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ከወንዙ ውጪ። ድሬ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ውጪ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት ከላይ የመጣው ጎርፍ ምን እንዳደረገን ለድሬ ልጅ አልነግርም። አሁን ደግሞ የበልግ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ጠጠር። ለዚህ ሐረር ውጪ። ከጁገል በደቡብ ያለው የሐኪም ጋራ አካባቢ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ መኪና ጥቂት ነው፣ አህያና ልጅ ብዙ ነው። እዚያ የምትማሪው ዓይንሽን ነው። ብስክሌት የሚሄደው ወደምታይበት ነው። ድንጋዩን ካየሽ ድንጋዩን ትመቺዋለሽ። ገደሉን ካየሽ... ተይው። ለማለፍ የምትፈልጊበትን ቀጭን መስመር ነው ማየት ያለብሽ፣ ከአሥር ከአሥራ አምስት ሜትር ወዲያ። ፔዳሎቹን አግድም እኩል አድርገሽ ከመቀመጫው ተነስተሽ ቁሚ፤ ጉልበትሽ እንደ ሞላ ይሥራ። ስትታጠፊ ከውጪ በኩል ያለው ፔዳል ወደ ታች። ልጆቹ «ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉሻል፤ ብትናደጂም አይለቁሽም። ማታ እንዳያመሽብሽ፤ ከመሸ በኋላ የሐረር መንገድ የጅቡ ነው።

ደንገጎ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሙሉውን አይደለም። ከታች ያለውን አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ፣ እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ብስክሌቱን ፒክአፕ ላይ ጭነሽ ትወጫለሽ። መኪናው ከኋላሽ አደጋ ማሳያ መብራቱን አብርቶ ይከተልሻል። የሚያውቅ ሰው ከፊትሽ ይነዳል። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ አትሞክሪው። ብቻዬን ወርጄ የተረፍኩት በጉብዝና እንዳልሆነ ነግሬሻለሁ።

አንድ ልምምድ ደግሞ እቤት አለ፤ ማንም አያስበውም። ብርድ። ላ ኩምብሬ ላይ በሐምሌ ጠዋት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ክረምታቸው ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨምቅም። የድሬ ሰው 20 ዲግሪ ሲሆን ሹራብ ይፈልጋል፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ነኝ። ወፍራም ግን ጣት የሚያንቀሳቅስ ጓንት ፈልጊ፣ ለብሰሽውም ፍሬን መያዝ ተለማመጂ። ልብስ ደግሞ ደራርበሽ ልበሺ፣ እየወረድሽ ታወልቂዋለሽ። ሐምሌ ደረቅ ወቅታቸው መሆኑ ዕድል ነው። ዝናቡና ጭቃው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው የሚበረታው። በምትሄጂበት ጊዜ ጠላትሽ አቧራ ነው፤ መነጽር ያዢ።

አስጎብኚውን በምን ታውቂያለሽ ላልሽው፣ እኔ ራሴ አስጎብኚ ስለሆንኩ የሙያውን ገበና ልግለጥ። ጥሩ አስጎብኚ በሚፈቅደው አይታወቅም፤ በሚከለክለው ነው። ከመክፈልሽ በፊት ጻፊላቸውና «ጉዞ የምትሰርዙት መቼ ነው?» በያቸው። «ሰርዘን አናውቅም» ካሉሽ ሌላ ፈልጊ። በረዶ ሲጥል፣ መንገድ ሲናድ፣ ተጓዥ ሲታመም የማይሰርዝ ሰው ገንዘብሽን እንጂ አንቺን አላየሽም። ቀጥለሽ «ደክሞኝ መኪና ውስጥ ብገባ ምን ትላላችሁ?» በያቸው። መልሱ «ምንም፤ በሩ ክፍት ነው» መሆን አለበት።

ከዚያ ቁጥር ጠይቂ። ለስንት ሰው ስንት አስጎብኚ? እኔ ከሰባት ስምንት በላይ ለአንድ ሰው አልሰጥም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ መኖር አለበት። የኋላው የሚቀረው ሰው ጋ ይቀራል እንጂ «ፍጠኚ» አይልም። መኪናው ሙሉውን መንገድ ይከተላል ወይስ ታች ጠብቆ ይቀበላል? መከተል አለበት። የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ፣ ገመድ፣ የመገናኛ ራዲዮ አላቸው? የፍሬን ሸራ በየስንት ጉዞ ይቀይራሉ? ለዚህ ጥያቄ የሚንተባተብ ሰው ብስክሌቱን እሱ አይደለም የሚንከባከበው። ዋጋውም ከሌላው ሁሉ በግማሽ ካነሰ፣ ያነሰው ከሸራው ላይ ነው።

የእህትሽ ጓደኞች አንድ ቡድን ሆነው መሄዳቸው ደስ ይላል፤ ግን እኩል አይነዱም። ፈጣኖቹ ከአንዱ አስጎብኚ ጋር ይሂዱ፣ አንቺ ከሌላው ጋር። የማያውቁሽ ሰዎች ጋር ቀስ ብሎ መውረድ ከሚያውቁሽ ጋር ከመፎካከር ይሻላል። የጉዞ ኢንሹራንስሽንም አንብቢው። ብዙዎቹ የተራራ ብስክሌትን አይሸፍኑም፤ ይሸፍናል ካሉሽ በጽሑፍ ያምጡ።

የዕለቱን ልጨርስልሽ።

ላይ ስትደርሱ ብስክሌቱን ሲሰጡሽ ወዲያው አትፎክሪ። ጎማውን በአውራ ጣት ጫኚው፣ ሁለቱንም ፍሬን ጨምቀሽ ወደፊት ግፊው፣ የፊት ጎማውን በጉልበትሽ ይዘሽ መሪውን ጠምዝዢው። የትኛው እጀታ የፊቱ እንደሆነ ጠይቂ፤ ከአገር አገር ይለያያል። መቀመጫውን ከለመድሽው ዝቅ አስደርጊ። አስጎብኚዎቹ ከመነሳት በፊት ጠንካራ አልኮል መሬት ላይና ጎማ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፤ ፓቻማማ ለሚሏት ለእናት ምድር ነው። ለተጓዡም ጠብታ ይሰጣሉ። እኔ የኔን ድርሻ በሙሉ ለጎማው ሰጠሁት። እኛ አገር ቢሆን አንድ ሽማግሌ ዱአ ያደርጉልን ነበር።

መጀመሪያው አስፋልት ነው። ሰፊ፣ ልስልስ፣ ውብ። ሰው የሚያብደው እዚያ ላይ ነው፤ ገና ስላልፈራ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ፣ አይተሽ እስክትወስኚ ባለው አንዲት ሰከንድ ብቻ 11 ሜትር ሄደሻል። ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን ፍሬንሽ ላይ የሚያርፈው ሸክም አራት እጥፍ ነው። ከፊትሽ ካለው ሰው ቢያንስ ሃያ ሜትር ራቂ።

ከዚያ አስፋልቱን ትተሽ ወደ አሮጌው ጠጠር ትገቢያለሽ። እዚያ ላይ ሕጉ ይገለበጣል። የቀረው የቦሊቪያ ክፍል በቀኝ ነው የሚነዳው፤ እዚህ ግን በግራ። ምክንያቱ ብልህነት ነው። የመኪና ሹፌር ግራ ተቀምጦ በግራ ሲወርድ፣ አንገቱን አውጥቶ የገደሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ጎማውን ማየት ይችላል። የሚወጣው ቅድሚያ አለው፤ ተራራውን ይይዛል። የሚወርደው ጠርዙን። አንቺ የምትወርጂው ነሽ። ስለዚህ ገደሉ በግራሽ ነው። ይህን ቀድመሽ ካወቅሽው አትደነግጪም። መኪና ከመጣ ቁሚ፣ ይለፍ።

ስትቆሚ ደግሞ በቀኝ በኩል ውረጂ። ሁልጊዜ በቀኝ፣ በተራራው በኩል። አብዛኛው ሰው ከብስክሌት የሚወርደው በግራ ነው፤ እጅና እግሩ የለመደው እንደዚያ ነው። እዚያ ላይ ግራ እግርሽ የሚያርፍበት መሬት ላይኖር ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ከዚራም ላይ በቀኝ ውረጂ። ጎረቤት ይሳቅ።

ስልክሽ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ፎቶ የሚነሳው ተቁሞ፣ ከብስክሌት ተወርዶ፣ ጀርባን ለተራራ ሰጥቶ ነው። መሀል ላይ ፏፏቴ መንገዱ ላይ የሚያንጠባጥብበት ቦታ አለ፤ ሁሉም ቀና ብሎ ያየዋል። ቆመሽ እዪው። የእንጨትና የብረት መስቀሎችም መታጠፊያው ላይ ታያለሽ፤ ለሞቱት የተተከሉ ናቸው። አስጎብኚያችን በአንዱ አጠገብ ቆብ አውልቆ ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን።

ብስክሌትሽን ግን ከሰኔ በፊት አንድ ቀን ይዘሽልኝ ነይ። የፍሬን ሸራውን እናየዋለን፤ የልምምዱ ጊዜ ሳያልቅ እሱ ማለቁ አይቀርም። ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከሰባት ሰዓት በኋላ እኔም እንደማንኛውም የድሬ ሰው ጥላ ፈልጌ ጋደም ብያለሁ። እናትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ስለ ደንገጎ ብዙ የምንጨዋወተው አለን።